ጉበቱ ዝም ያለበት ክረምት

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ጽሑፋችን አለፈ። ፕሮፌሰሩ ከቢሯቸው ድረስ መጥተው፣ ጓንቴን እንኳን ሳላወልቅ እጄን ጨበጡኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው። መጽሔቱ የሚጠብቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የሁላችንም ፊርማ እስከ ሰኔ 30፣ እና ጥሬ ቁጥሮቹ የተዘረዘሩበት አንድ ሠንጠረዥ። ፊርማው ከገባ ሐምሌ ላይ የዶክትሬት ጽሑፌን ተከላክዬ እገላገላለሁ። ካልገባ ስድስተኛው ዓመቴ ያልቃል፤ ከስድስት ዓመት በላይ መመዝገብ ደግሞ አይፈቀድም። ስለዚህ ይገባል፣ አለቀ።

ይህን ደብተር ያወጣሁት ደስታዬን ልጽፍበት ነው። ሥራዬን ለማያውቅ ሰው (ለማን እንደምጽፍ እንጃ) ነገሩ እንዲህ ነው። ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን በደም ሆኖ መላ ሰውነትን ይዞራል፤ የሚሰማው ግን ተቀባይ ያለው ህዋስ ብቻ ነው። ተቀባዩን የሚያሠራው ጂን በሁሉም ህዋስ ውስጥ አንድ ነው። ጉበት ውስጥም ያው፣ ማህፀን ውስጥም ያው። ልዩነቱ የትኛው ጂኑን አብዝቶ ያነበዋል፣ የትኛው ቀንሶ፣ የትኛውስ ጭራሽ ዘግቶታል የሚለው ነው። እኛ ለአይጦቹ ሆርሞኑን ሰጠናቸው። ማህፀናቸው ተቀባዩን ቀነሰ፤ በቃኝ ብሎ በሩን ገርበብ እንደማድረግ ነው። ጉበታቸው ግን ሁለት ከግማሽ እጥፍ ጨመረ። አንድ ሆርሞን፣ አንድ ጂን፣ ሁለት ተቃራኒ መልስ። ጽሑፉ ያለፈው በዚህ ነው።

ሠንጠረዡን ነገ እጨርሳለሁ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

በችኮላ። የጉበቱ ዓምድ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ምንም ላይሆን ይችላል። ቴክኒሻናችን እትዬ በረዶ ከፍሪዘሩ አጠገብ ቆመው ያዩኛል። ምን እንደሚያዩኝ እንጃላቸው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ምንም አይደለም ብዬ ነበር። ነው።

ማሽናችን በየዙሩ የጂኑን ግልባጭ እጥፍ እያደረገ ስንተኛው ዙር ላይ እንደበራ ይቆጥራል። የጂኑ ግልባጭ በብዛት ካለ ቶሎ ይበራል፣ ካነሰ ይዘገያል። አንዱ ናሙና ከሌላው ሊበዛ ስለሚችል ደግሞ ሌላ አንድ ጂን አብሮ ይለካል፤ ማጣቀሻ እንለዋለን። ማጣቀሻ የሚሆነው የትም ቦታ፣ በምንም ምክንያት የማይነቃነቅ ጂን ነው። ሌላው ሁሉ የሚለካው በእሱ ነዋ። የእኛ ማጣቀሻ ግን ከሃያ አራቱ አይጦች ሆርሞን ባገኙት በአሥራ ሁለቱ ጉበት ውስጥ በአንድ ከሦስት አሥረኛ ዙር ዘግይቷል። በአሥራ ሁለቱም። ተቀባዩ ራሱ ንቅንቅ አላለም። ማጣቀሻው ስለወረደ ተቀባዩ የወጣ መሰለን እንጂ። አንድ ከሦስት አሥረኛ ዙር ሲሰላ ስንት ይመጣል? ሁለት ከግማሽ እጥፍ ገደማ። ግኝታችን ያ ነበር።

እስከ ዛሬ ያልታየው የማሽኑ ፕሮግራም አካፍሎ የሚያወጣልንን ብቻ ስለምናይ ነው። ጥሬውን ቁጥር የሚያይ የለም። ማጣቀሻው የተመረጠው በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ብዙ ላቦራቶሪ ይጠቀምበታል።

እሁድ፣ ግንቦት 10

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ በአንደኛው እሷና የስፌት መኪናዋ፣ በሌላኛው እኔና ወረቀቴ። ምሳ ላይ፣ “ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ ያልተተኮሰ ጨርቅ የመሰለው?” አለችኝ። በምትረዳው ቋንቋ ነገርኳት። ለመረዳት አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም።

“ሜትሩ ራሱ ተለጥጧል በይኛ።”

“እንደዚያ በይው።”

“እኔም ደርሶብኛል። የአርባ ሁለት ተማሪ ዩኒፎርም። ትምህርት ቤት ሄጄ ልጆቹን የለካሁት በአሮጌ ሜትር፣ እቤት መጥቼ ጨርቁን የቆረጥኩት በብረት ማስመሪያ። አርባ ሁለቱም ጠበባቸው።”

“ምን አልሽ ታዲያ?”

“ልጆቹ ወፍረዋል አልኩ።”

“በሁለት ሳምንት?”

“ዳይሬክተሩ አመነኝ። የአንዱ ልጅ እናት ግን ቤቴ ድረስ መጣች። ቃል አልተነፈሰችም። ሜትሬን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፣ ከራሷ ሜትር ጎን ዘረጋችው፣ አየችኝና ሄደች። ይኸው ሃያ ዓመቴ፣ ያቺን ሴት ገበያ ላይ ካየኋት መንገድ እቀይራለሁ።”

እስኪያመን ሳቅን። እኔ ቀድሜ አቆምኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ለፕሮፌሰሩ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን አዩት።

“የናሙና ልዩነት ነው።”

“ከሁሉም እኩል ነው የጫንነው። አሥራ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሄዱት።”

“ሦስት ገምጋሚ አይቶታል። አንዱም አላነሳውም።”

“ጥሬውን ቁጥር መቼ ላክንላቸው? ገና አሁን መጠየቃቸው ነው።”

“እንግዲያው አሁን ያዩታል። ካላዩት ችግር የለም” አሉና ስልካቸውን አነሱ። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ይሄ ነው።

እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ ያልኩት ከቢሮው ለመውጣት ነው እንጂ የተስማማሁበት ነገር የለም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

በኮሪደሩ ስሄድ የሰማሁት። አማካይ የምንለው የስታትስቲክስ ሰው (ሰላም ሲሉት እንኳን “በአማካይ ደህና ነኝ” ነው መልሱ) ለአንዱ ሲያወራ፣ “ልጅቷ ሕሊና የበቀለላት ልትመረቅ ሁለት ወር ሲቀራት ነው?” ይላል።

ይብቀልልኝ። ከፈለገ ዘሩን አበድረዋለሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ሌሎች ሦስት ማጣቀሻዎች መረጥኩ። ሦስቱንም በአሮጌዎቹ ናሙናዎች ላይ ልሞክራቸው ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ናሙናዎቹ ያሉት ሰማንያ ዲግሪ ከዜሮ በታች በሆነው ፍሪዘር ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ደግሞ በእትዬ በረዶ አንገት ላይ። እትዬ ሃያ ሦስት ዓመት እዚህ የሠሩ ቴክኒሻን ናቸው። ያለ እሳቸው ፈቃድ የበረዶ ቁራጭ የሚነካ ስለሌለ ነው ስሙ የወጣላቸው። እሳቸውም ያውቁታል፤ “እኔ በረዶ ባልሆን ናሙናችሁ ሁሉ ሾርባ ነበር” ይላሉ።

የጉበት ናሙናዎቹን ፈልጌ ነበር ስላቸው ሣጥኑ አስቀድሞ ከሥር ወጥቶ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

“መቼ አወጡት?”

“ቆየ” አሉ።

ሌላ አልጠየቅኳቸውም። ዝም ብሎ ሰውን የማየት ልማዳቸው ያናድደኛል። አንድ ነገር ካላቸው ለምን አይናገሩም?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

ሦስቱም ማጣቀሻዎች ጉበት ውስጥ ቀጥ ብለው ቆሙ። በእነሱ ሲለካ ማህፀን እንደነበረው ቀንሷል። ጉበት ምንም ለውጥ የለውም። ዜሮ። ደገምኩት። አሁንም ዜሮ።

የሚገርመኝ አለማልቀሴ ነው። ተናደድኩ እንጂ። ደግሞም እኮ ጉበቱ ዝም ማለቱ መልስ ነው። ማህፀንን እንዲያ የሚያስደነግጠው ሆርሞን ጉበት ደጃፍ ሲደርስ ጆሮ የሚሰጠው አያገኝም። ጂኑ ያው ሆኖ ሳለ ለምን? ጂኑን የሚያበሩትና የሚያጠፉት ፕሮቲኖች በየህዋሱ ስለሚለያዩ ይሆናል። የትኞቹ? ይሄ ከቀድሞው የተሻለ ጥያቄ ነው፤ ስድስት ዓመቴን ልሰጠው የሚገባኝም ለእሱ ነበር። ግን “ምንም አልተፈጠረም” የሚል ጽሑፍ የሚያወጣ መጽሔት ጥቂት ነው፣ የሚወድ ፕሮፌሰር ደግሞ እስካሁን አልገጠመኝም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

ሁለተኛ ጊዜ። በዚህኛው ቁጥሮቹን በትልቁ አትሜ፣ በቀይ አስምሬ ነው የገባሁት። ፕሮፌሰሩ አነበቡት። እስከ መጨረሻው አነበቡት፣ አልዋሽም።

“ጉበቱን እናውጣና ማህፀኑን ብቻ እናሳትም” አልኩ።

“የማህፀኑን ማን የማያውቀው አለ? ጽሑፉ ያለፈው እኮ በጉበቱ ነው።”

“እንግዲያው አላለፈም ማለት ነው።”

ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ “አንቺ ተመረቂ። ከዚያ በኋላ ተረጋግተን ማረሚያ እናወጣለን” አሉ። አልሸሹም ዞር አሉ።

“በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርተው ሁለት ተማሪዎች በመስከረም ሊጀምሩ ነው። እነሱስ?”

በሩ ጋ ስደርስ፣ “ለመሆኑ ይህን ማጣቀሻ ማን ነው የመረጠው?” አሉ።

“የተለመደ ነው። ብዙ ላቦራቶሪ ይጠቀምበታል” አልኩ።

እውነት ነው። ብዙ ላቦራቶሪ ይጠቀምበታል። ያልኩት ነገር ውሸት የለበትም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

የመጀመሪያውን ዓመት የሥራ ደብተር ከመሳቢያው ሥር አወጣሁት። ለማጣራት ያህል። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ፣ ጠርዙ ላይ በእርሳስ የተጻፈ አለ። “ጉበት ላይ ትነቃነቃለች” ይላል። የእኔ እጅ ጽሑፍ አይደለም። በሚቀጥለው ገጽ የእኔ ጽሑፍ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል።

ደብተሩን መለስኩት። ለማንም ማሳየት አያስፈልግም፤ አዲሶቹ ቁጥሮች ይበቃሉ።

እሁድ፣ ሰኔ 8

ከእናቴ ጋር ተጣላን። ፊርማዬን ልከለክል እንደሆነ ስነግራት መኪናዋን አቆመች።

“የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ ተመረቂ። እውነቱን ከዚያ ተናገሪው። ዶክተር ሲናገር ይሰማል።”

“ዶክተር የምባለው በዚያው ውሸት እኮ ነው።”

“ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ የት ነበርሽ? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።”

እሱ ነው ያቃጠለኝ። “አንቺስ?” አልኳት። “ያቺን ሴትዮ ስታዪ መንገድ የምትቀይሪው መጥነሽ ስለደቆስሽ ነው?”

እናቴ ወደ መኪናዋ ዞረች። ከሰዓቱን በሙሉ ስትሰፋ ዋለች። ሻይ አፍልቼ አስቀመጥኩላት፤ ሳትነካው ቀዘቀዘ። ምነው ምላሴን በመቀስ በቆረጥኩት። ለእሷ ነው የተናገርኩት ወይስ ለማን እንደነበር ራሴም አላወቅሁም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

አማካይ ምሳ ላይ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። “ስሚ፣ ከራስ በላይ ነፋስ” አለ። “እኔም ስሜ እዚያ ጽሑፍ ላይ አለ። በአማካይ ሲታይ ማንም አይጎዳም።”

“በአማካይ ሲታይ አንተም ግማሽህ ሴት ነህ” አልኩት። ሳቀ፤ ሰሃኑን ይዞ ግን ሄደ።

ዝናቡ ጀምሯል። ላቦራቶሪው ውስጥ መስኮት ሥር ባልዲ ተደቅኗል። እትዬ በረዶ ባልዲውን ሲያፈሱ አገኘኋቸውና መንገዴን በሌላኛው በር አደረግኩ። እጄ ሙሉ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ቁርጤን አወቅሁ። ፕሮፌሰሩ ቅጹን ፊቴ አስቀመጡት። የሁሉም ፊርማ አለ፤ የአማካይም። የእኔ መስመር ብቻ ባዶ ነው።

“ከፈረምሽ ሐምሌ አሥራ አራት ትከላከያለሽ። ካልፈረምሽ ስምሽን ለጉባኤው አላቀርብም። ጨካኝ ሆኜ አይደለም። ይህን ክፍል ያቆምኩት በእጄ ነው፤ በአንድ ዙር ልዩነት አላፈርሰውም።”

“አንድ ከሦስት አሥረኛ” አልኩ።

“ብዕር አለሽ?”

“ብዕርስ አላጣሁም። የምፈርምበት ነገር ነው ያጣሁት።”

ቅጹን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትቼ ደረጃውን ወረድኩ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19

ለመጽሔቱ ደብዳቤ ጀመርኩ። “በላቦራቶሪው ልማድ መሠረት የተመረጠው ማጣቀሻ…” ሰረዝኩ። “የተመረጠው ማጣቀሻ…” ሰረዝኩ። አራት ረቂቅ። አራቱም ላይ መራጭ የለም፤ ጂኑ ራሱ በእግሩ መጥቶ የተቀመጠ ይመስላል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ የክፍሉ ሴሚናር ነው። ተናጋሪዋ እኔ ነኝ። ተራዬ ገና ድሮ የተያዘ ነው፣ ማንም አልሰረዘውም።

እሁድ፣ ሰኔ 22፣ ማታ

እንግዲህ ልጻፈው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ስድስት ሳምንት አቆየሁት፤ የፈጀው ግን ሆዴን ነው።

ማጣቀሻውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ፕሮፌሰሩ አይደሉም፣ የላቦራቶሪው ልማድም አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት ሦስተኛ ወር ላይ፣ ከአንድ ጽሑፍ አይቼ፣ ሳልፈትሽ፣ በአንድ ከሰዓት ወሰንኩ። እትዬ የመጀመሪያውን የጉበት ፕሌት፣ ናሙናዎቹ የሚደረደሩበትን ሳህን፣ ማሽኑ ላይ ጭነው ቁጥሩ ሲወጣ ጠሩኝ። “ልጄ፣ ይህቺ ጂን ጉበት ላይ ትነቃነቃለች። ከዚህ በፊትም አይቻታለሁ” አሉ። ከሌላ ክፍል የመጡ ሁለት ተማሪዎች አጠገቤ ነበሩ። እኔ ደግሞ አዲስ ነበርኩ፣ ሊቅ መምሰል ያምረኝ ነበር። “እትዬ፣ እርስዎ መጫኑን ይጫኑልኝ፤ ማሰቡን ለእኔ ይተዉት” አልኳቸው።

ተማሪዎቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። እትዬ “እሺ” አሉና ጓንታቸውን ቀየሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ቁጥር አንዲት ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ስድስት ዓመት ሙሉ ፕሌቴን ጫኑልኝ፣ ናሙናዬን ጠበቁልኝ፤ ቁጥሩን ግን አላነሱም። ያ የእርሳስ ጽሑፍ የእሳቸው ነው። አይቼው ነበር። የዛሬ ስድስት ዓመትም አይቼዋለሁ። ማን ደብተሬን ነካ ብዬ ተቆጥቼ ገጹን ገለበጥኩት።

ራስ ሳይጠና ጉተና። ስድስት ሳምንት ሙሉ ፕሮፌሰሩን ሰው አይሰሙም እያልኩ ስራገም ነበር እኮ። ተማሪያቸው መሆኔ አያጠራጥርም።

ብቻ አንድ ነገር ነው። ማፈሬ ሌላ፣ መፈረሜ ሌላ። አፍሬያለሁ ብዬ አልፈርምም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

ሃያ ሰው ያህል ነበር። ፕሮፌሰሩ ከፊት፣ አማካይ ከመሃል፣ የአጎራባቹ ክፍል ኃላፊ (ጥያቄ ስትጠይቅ ድምፅዋን የማትጨምር፣ ለዚያ ነው ሁሉ የሚፈራት) ከጎን። እትዬ በረዶ እንደ ሁልጊዜው ከኋላ፣ በሩ ሥር ቆመው።

የማህፀኑን አሳየሁ። የጉበቱን አሮጌ ሥዕል አሳየሁ። ከዚያ ጥሬውን ቁጥር ግድግዳው ላይ አወጣሁት፣ ቀጥሎም የሦስቱን አዳዲስ ማጣቀሻዎች።

“ይህ የውስጥ ጉዳይ ነው” አሉ ፕሮፌሰሩ።

“ውስጥ ነን” አልኩ። “ሁላችንም የዚህ ቤት ሰዎች ነን። ወደ ውጭ ሳይወጣ ነው የምናገረው።”

ኃላፊዋ እጇን አነሳች። “በመጀመሪያው ዓመት ለምን አልተፈተሸም?”

መልሱን በቃሌ ይዤው ነበር፤ ስድስት ጊዜ ተለማምጄዋለሁ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። “ፈታሽ ነበረ” አልኩ። “ማጣቀሻውን ሳልፈትሽ የመረጥኩት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ፕሌት ላይ ጂኑ እንደሚነቃነቅ እትዬ ነግረውኛል። ማሰቡን ለእኔ ይተዉት ብያቸው፣ ሰው ፊት ስቄባቸዋለሁ። እሳቸውን ሰምቼ ቢሆን ዛሬ እዚህ ቆሜ የምናገረው ስለ ሌላ ነገር ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጽሑፉ ላይ አልፈርምም፤ ስሜ ያለበትን ቁጥር ደግሞ ማንም እንዲያሳትም አልፈቅድም።”

ሁሉም ዞረው ወደ በሩ አዩ። እትዬ ሰዓታቸውን አዩ። “የናይትሮጅን መኪና መጥቷል፣ ይቅርታ” አሉና ወጡ።

ዓርብ፣ ሰኔ 27

እትዬን ፍሪዘሩ ጋ አገኘኋቸው፤ በዚህኛው በር ነው የገባሁት። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

“ትናንት ሁሉን ተናገርሽ። አንዱን ዘለልሽው።”

“የቱን?”

“አንቱ እያልሽ ነበር የሰደብሽኝ። በእንዲህ ያለ ክብር ተሰድቤ አላውቅም። እቤት ሄጄ ለባለቤቴ ብነግረው፣ ‘ጨዋ ልጅ ናት’ አለ።”

መሳቅ ይሁን ማልቀስ ለሰሚው ግራ የሆነ ድምፅ አወጣሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው። ሁለት ሣጥን አስገቡ፣ በሩን ዘጉ፣ ቁልፉን አዞሩ።

“ስድስት ዓመት ተናድጄብሻለሁ” አሉ። “በአንድ ቀን አይለቀኝም። እየለቀቀኝ ሲሄድ እነግርሻለሁ።”

ልክ ናቸው።

ሰኞ፣ ሰኔ 30

ጽሑፉ ሳይታተም ከመጽሔቱ ተመለሰ። የመመለሻ ደብዳቤው ላይ ፕሮፌሰሩም ፈረሙ፤ ሃያ ሰው የሰማውን መልሶ ማስዋጥ አይቻልም። ፈርመው ሲጨርሱ፣ “ደስ አለሽ?” አሉኝ።

“የለም። ግን ልክ ነው።”

እርማቱን አጠናቅሬ እንደ አዲስ ብጽፈው እንደማይከለክሉኝ፣ እንደማይረዱኝም ነገሩኝ። ስማቸው ግን ከጸሐፊዎቹ ዝርዝር እንዲሰረዝ ይፈልጋሉ። ከሬጅስትራር የመጣችው ወረቀት አጭር ናት። ስድስት ዓመቴ ስላለቀ ከመዝገብ ተሰርዣለሁ፤ አዲስ አማካሪ ካገኘሁ እንደገና ማመልከት እችላለሁ። አመለክታለሁ። የአጎራባቹን ክፍል ኃላፊ በር ነገ አንኳኳለሁ፤ እምቢ ካለችኝ ቀጥሎ ያለውን።

ማታ ለእናቴ ወረቀቷን አነበብኩላት። መርፌዋን ከጨርቁ ነቀለች።

“ጎረቤት ሲጠይቀኝ ምን ልበል?”

“ተሰረዘች በያቸው።”

“ተሰረዘችማ አልልም” አለች፣ መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች። “አልፈርምም አለች ነው የምለው።”

ከዚያ ወደ ክፍሌ ገብቼ በደንብ አለቀስኩ። ሁለት ወር ያላለቀስኩትን።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ኃላፊዋ “ጽሑፉን ጨርሰሽ አምጪው፣ አንብቤ እወስናለሁ” ብላኛለች። እምቢ አላለችም። እሺም አላለችም።

አዲሱን ጽሑፍ ዛሬ ጨረስኩ። ያው ሆርሞን፣ ያው ጂን፣ አንዱ ህዋስ ይመልሳል፣ አንዱ ዝም ይላል፤ ይኸው ማስረጃው፣ ይኸው የድሮው ስህተታችን። የጸሐፊዎቹን ስም መሙላት ጀመርኩ። የእኔን ሞላሁ። ቀጥዬ የእትዬን ጻፍኩና የአባት ስም የሚለው መስመር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ስድስት ዓመት በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ማሽን። የሃያ አራቱንም አይጦች ቁጥር በቃሌ አውቃለሁ። የአባታቸውን ስም አላውቅም።

ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ።

“የአባትዎን ስም ፈልጌ ነበር።”

“ለፈቃድ ቅጽ ነው?”

“ለጽሑፉ ነው። ከእኔ ጋር።”

ጓንታቸውን አወለቁ። እጃቸውን ታጠቡ፣ አደረቁ። እስክሪብቶዬን ተቀብለው ራሳቸው ጻፉት፤ የራሳቸውን፣ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን፣ በትልልቅ ፊደል። አደራ የቆየበትን ዕቃ እንደሚያስረክብ ሰው ወረቀቱን ሊሰጡኝ ዘረጉና መልሰው ሳቡት።

“ስሜ ከገባበት ላንብበዋ” አሉ።

ቆመው አነበቡት። ሃያ ደቂቃ። እኔም ቆምኩ። አራተኛው ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

“ይህቺ ሰባተኛዋ የማህፀን ናሙና አይደለችም። ዘጠነኛዋ ናት።”

ሰባተኛዋ ናት ልል ነበር። እርግጠኛ ነበርኩ። ይልቅ ቁልፉን ተቀበልኳቸው፤ ሣጥኑን አውጥቼ ምልክቷን አየሁ። ዘጠነኛዋ ናት። ተመልሼ አስተካከልኩት።